መጋረጃው አይነሣ

ለኦርኬስትራ ባልደረባነት የሚወዳደሩ ወጣት ሙዚቀኞች ከመጋረጃ በስተጀርባ ሆነው መፈተናቸው ይቅር የሚል ክርክር በምዕራቡ ዓለም ደጋግሞ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ የታወቁ የኒውዮርክ ሐያሲ፣ ኦርኬስትራዎች የሚያገለግሉትን ኅብረተሰብ መልክ ይይዙ ዘንድ መጋረጃው መነሣት አለበት ሲሉ ጽፈዋል። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። መንገዱ ግን ስሕተት ነው።

መጋረጃው እኮ ያለ ምክንያት አልተዘረጋም። ቀድሞ ክፍት የሥራ ቦታ የሚሞላው በሙዚቃ መሪውና በታላላቅ መምህራን መካከል በሚደረግ ሹክሹክታ ነበር፤ ታላቅ መምህር ያልነበረው ወጣት ከደጅ ይቀራል። የቦስተን ሲምፎኒ እ.ኤ.አ. በ1952 መጋረጃ ዘረጋ፤ ብዙዎቹ የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተከተሉት። የጫማ ድምፅ ጾታን እንዳያሳብቅ ወለሉ ላይ ምንጣፍ የሚያነጥፉም አሉ። (ለአንድ ተረከዝ ይህን ያህል መጠንቀቅ ማስፈለጉ ስለ ፈታኞቹ ምን እንደሚናገር አንባቢ ይፍረድ።)

አሜሪካዊቷ አቢ ኮናንት እ.ኤ.አ. በ1980 ለሙኒክ ፊልሃርሞኒክ ቀዳሚ ትሮምቦን ተጫዋችነት ስታመለክት የደረሳት የጥሪ ደብዳቤ «አቶ» የሚል ነበር። ከመጋረጃ ጀርባ ተጫውታ ተወዳዳሪዎቿን ሁሉ አሸነፈች። ፈታኞቹ ሴት መሆኗን ያወቁት ከዚያ በኋላ ነው። በ1982 ግን በሙዚቃ መሪው በሰርጂዩ ቼሊቢዳኬ ፈቃድ ወደ ሁለተኛ ትሮምቦን ዝቅ ተደረገች፤ ለቦታው የሚያስፈልገው ወንድ ነው ተባለ። ሳንባዋን በሐኪም እስከማስመርመር ደርሳ ተሟገተች። ክርክሩ እስከ 1993 ዘለቀ፤ ረታችም። ጆሮ የፈረደውን ዓይን ሊሽረው ዐሥራ አንድ ዓመት ታገለ ማለት ነው። እንግዲህ መጋረጃውን አንሥተን ለዚህ ዓይን ነው የምናስረክበው?

ጥቁር ሙዚቀኞች በነዚህ ኦርኬስትራዎች ውስጥ እጅግ ጥቂት መሆናቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ መጋረጃው የሚዳኘው የመጨረሻዎቹን ዐሥር ደቂቃዎች ብቻ ነው። ልዩነቱ የሚፈጠረው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ መሣሪያ መግዛትና መምህር መቅጠር የሚችል ቤተሰብ ከማይችለው በሚለይበት ጊዜ ነው። ለፈተናው የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪውን ብዙ ጊዜ የሚከፍለውም ራሱ ተወዳዳሪው ነው።

መምህራንም ድርሻ አለባቸው። የሚጠየቀው የታወቀ ነው፤ ለቫዮሊን የሞዛርት ኮንሰርቶና የሪቻርድ ስትራውስ «ዶን ኹዋን» የመጀመሪያ ገጽ፣ ለትሮምቦን የራቬል «ቦሌሮ»። ብዙው ወጣት ገጹን ይሸመድድና የቀረውን ኦርኬስትራ ይረሳል። ፈታኙ ግን በአንዱ ድምፅ ውስጥ ሌሎቹን ሁሉ ይፈልጋል። ስለዚህ መምህሩ ሙሉውን ኖታ ያስነብበው፤ በዝግታ ያስጀምረው፤ ድምፁን ቀድቶ ራሱን እንዲያደምጥ ያስገድደው፤ የማያውቃቸውን ሰዎች ፊቱ አስቀምጦ ሳይሟሟቅ ያስጫውተው።

ከኦርኬስትራዎቹ የሚጠየቀው ደግሞ ሌላ ነው። በብዙ ቦታ መጋረጃው በመጨረሻው ዙር ይነሣል። እስከ ፍጻሜው ተዘርግቶ ይቆይ፤ የተወዳዳሪውም የጉዞ ወጪ በጠሪው ይሸፈን።