ሲቪ ስለ መድኃኒቱ ይመሰክራልን?

በቅርቡ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ስድስት ኪሎ ሕግ አብረን ተምረን፣ እሱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ እኔ እዚሁ ቀርቼ፣ በስልክ የምንጠያየቅ ሰዎች ነን። ለልጆቹ ትምህርት ካጠራቀመው ገንዘብ ቀንሶ የአንዲት ትንሽ መድኃኒት አልሚ ኩባንያ አክሲዮን ሊገዛ ማሰቡን አጫወተኝ። ስለ መድኃኒቱ ስጠይቀው ብዙም የሚለው አልነበረውም። ስለ ሰዎቹ ግን ሩብ ሰዓት ያህል ነገረኝ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ከየት እንደተመረቀ፣ የሕክምና ኃላፊዋ የትኛው ትልቅ ኩባንያ ውስጥ እንደሠራች፣ ከቦርድ አባላቱ አንዱ ምን ሹመት እንደነበረው በቃሉ ይዞታል። በመጨረሻም “እንዲህ ያሉ ሰዎች የማይረባ ነገር ውስጥ አይገቡም” ብሎ ደመደመ።

እኔ ሐኪምም ፋርማሲስትም አይደለሁም። ይሁን እንጂ የወዳጄ አነጋገር አንድ የሕግ ተማሪ ገና ከጅምሩ የሚማረውን ነገር አስታወሰኝ። ማስረጃ ከመስማትህ በፊት ጭብጡን ለይ ይባላል። እዚህ ላይ ጭብጡ “ይህ መድኃኒት ይሠራል ወይስ አይሠራም?” የሚል ነው። የቀረበው ማስረጃ ግን የሰዎቹ ማዕረግና ዝና ነው። ተከሳሽ ብድሩን ከፍሏል ወይ ተብሎ በተያዘ ጭብጥ ላይ፣ ሰውየው በሰፈሩ የተከበረ መሆኑን የሚናገር ምስክር ቢቆም ዳኛው “ይህ ከጭብጡ ጋር ምን አገናኘው?” ማለቱ አይቀርም።

ለመሆኑ አስተዋይ ሰዎች እንዲህ ያለውን ምስክርነት ለምን ይቀበላሉ? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትንሽ መድኃኒት አልሚ ኩባንያ የሚሸጠው ነገር የለውም። ገቢ የለውም፤ ያለው አንድ ወይም ሁለት ሞለኪውል፣ ከባለሀብት የሰበሰበው ገንዘብና ጥቂት ሠራተኛ ነው። መድኃኒቱ ከላቦራቶሪ ተነስቶ ፋርማሲ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል። በሰው ላይ መሞከር ከጀመሩት መካከል ደግሞ ፈቃድ የሚያገኘው ከአሥሩ አንዱ ገደማ ነው። እንግዲህ ገዢው ሂሳብ ልመርምር ቢል ሂሳብ የለም፤ ምርት ልይ ቢል ምርት የለም። የቀረው የአመራሩ ፎቶግራፍና ከሥሩ የተጻፈው የሥራ ልምድ ነው።

ሁለት ጉዳዮችን ላንሳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በስተመጨረሻ ስለ አገራችን ከማነሳቸው በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው አክሶቫንት የተባለው ኩባንያ ነው። መሥራቹ ቪቬክ ራማስዋሚ በሃርቫርድ ባዮሎጂ፣ በዬል ደግሞ ሕግ የተማረና በአንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት ውስጥ የመድኃኒት ኩባንያዎችን አክሲዮን ሲመረምር የቆየ ወጣት ነበር። በ2014 ኩባንያው ኢንተፒርዲን የተባለውን የአልዛይመር፣ ማለትም የመርሳት በሽታ መድኃኒት፣ ግላክሶ ስሚዝ ክላይን ከመደርደሪያ ላይ ካስቀመጠበት በ5 ሚሊዮን ዶላር ቅድመ ክፍያ ገዛ። በሰኔ 2015 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ 315 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። በጊዜው በአሜሪካ የባዮቴክ ዘርፍ ይህን ያህል የሰበሰበ አልነበረም።

ጉዳዩን “ነገሩ ያልገባው ልጅ ገንዘብ ሰብስቦ ከሰረ” ብሎ መደምደም ይቀል ነበር። ግን እንዲያ አይደለም። ልማቱን የመሩት ሎውረንስ ፍሪድሆፍ ቀደም ሲል በጃፓኑ ኤይሳይ ኩባንያ አሪሴፕት የተባለውንና ዛሬም ለአልዛይመር የሚታዘዘውን መድኃኒት ለፈቃድ ያበቁ ሰው ናቸው። በ2017 በዋና ሥራ አስፈጻሚነት የመጡት ዶክተር ዴቪድ ሃንግ ደግሞ የሜዲቬሽን መሥራች ነበሩ። ሜዲቬሽን ኤክስታንዲ የተባለውን የፕሮስቴት ካንሰር መድኃኒት አውጥቶ በ2016 ለፋይዘር በ14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጧል። ከዚህ የተሻለ ሲቪ ከየት ይመጣል?

በመስከረም 2017 የሙከራው ውጤት ወጣ። ከ1,300 በላይ ሕመምተኞች በተሳተፉበት ጥናት ኢንተፒርዲን የሚያበረክተው ፋይዳ አልተገኘም። አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከ70 በመቶ በላይ ወደቀ። በነገራችን ላይ በዚያው በዶክተር ሃንግ ሜዲቬሽን ዲሜቦን የተባለ ሌላ የአልዛይመር መድኃኒት በ2010 ወድቆ ነበር። ድሉም ውድቀቱም የአንድ ሰው ሲቪ ውስጥ ነበሩ፤ ገዢዎች ጎላ አድርገው ያነበቡት ግን ድሉን ነው። ደግሞ በሌላ በኩል ራማስዋሚ ካቋቋመው የሮይቫንት ቤተሰብ የወጣው ማዮቫንት የተባለው ኩባንያ በታኅሣሥ 2020 ሬሉጎሊክስ ለተባለው የፕሮስቴት ካንሰር መድኃኒት ፈቃድ አግኝቷል። መሥራቹ ያው፣ ሲቪው ያው፣ ሞለኪውሉ ግን ሌላ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ሞለኪውሉ ነው።

በአክሶቫንት ጉዳይ ማንም ወንጀል ሠራ አላልኩም። ሙከራ የሚደረገው መልሱ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ነው። ሁለተኛው ጉዳይ ግን ወንጀል ችሎት ደርሷል። ቴራኖስ መድኃኒት ሳይሆን የደም ምርመራ መሣሪያ አልማለሁ ያለ ድርጅት ነው፤ የማነሳውም ስለ ቦርድ የሚያስተምረን ነገር ስላለ ነው። በ2003 ኤልዛቤት ሆልምስ በ19 ዓመቷ ስትመሠርተው ከስታንፎርድ ትምህርቷን አቋርጣ ነበር። ቦርዱ ላይ ግን ሁለት የቀድሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ ጆርጅ ሹልትዝና ሄንሪ ኪሲንጀር፣ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ዊሊያም ፔሪ፣ ጄኔራል ጄምስ ማቲስ፣ ጡረታ የወጡ አድሚራልና የቀድሞ ሴናተሮች ተቀምጠው ነበር። ከሴናተሮቹ አንዱ ቢል ፍሪስት የልብ ቀዶ ሐኪም ናቸው። አብዛኞቹ ግን ዕድሜያቸውን የፈጁት በመንግሥት ሥራ እንጂ በላቦራቶሪ አልነበረም። አገር የመሩ ሰዎች ናቸው፤ የደም ናሙና ውጤት ትክክል መሆን አለመሆኑን ለመጠየቅ ግን የሚያስችል ሙያ አልነበራቸውም።

ስህተቱን ያየው ማን ነበር? የሚኒስትሩ የጆርጅ ሹልትዝ የልጅ ልጅ ታይለር ነው። ባዮሎጂ ተመርቆ እዚያው ድርጅት የተቀጠረ ጀማሪ ባለሙያ ነበር። ለአያቱ ነገራቸው፤ አያቱ ግን በጊዜው ልጁን ሳይሆን ድርጅቱን አመኑ። በጥቅምት 2015 ዎል ስትሪት ጆርናል ጉዳዩን አወጣው። ሆልምስ በጥር 2022 ባለሀብቶችን በማጭበርበር ጥፋተኛ ተብላ፣ በኅዳር ከ11 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደባት። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ግን የተሳሳተ የደም ውጤት ተቀብለው ወደ ቤታቸው የሄዱት ሰዎች ጉዳይ ነው።

ታዲያ ሲቪ ከንቱ ነው ማለቴ ነውን? አይደለም። ሲቪ ለሌላ ጭብጥ ጠቃሚ ማስረጃ ነው። ጭብጡም “እነዚህ ሰዎች መጥፎ ውጤት ሲመጣ ያውቁታል ወይ? ካወቁስ አቁሙ የማለት ሥልጣን አላቸው ወይ?” የሚለው ነው። በጀርመን ማይንዝ ከተማ ባዮንቴክን በ2008 ከመሠረቱት መካከል የሆኑትን ኡጉር ሻሂንንና ኦዝለም ቱሬጂን እንመልከት። ባልና ሚስቱ ሐኪሞችና የካንሰር ተመራማሪዎች ናቸው። ከዚያ በፊት በ2001 ጋኒሜድ የተባለ ኩባንያ መሥርተው ነበር፤ በ2016 ለጃፓኑ አስቴላስ ተሸጠ። ከዚያ ሥራ የተወለደው ዞልቤቱክሲማብ የተባለው የጨጓራ ካንሰር መድኃኒት በጃፓንና በአሜሪካ የተፈቀደው በ2024 ነው። ከ20 ዓመት በላይ ማለት ነው። ዓለም ያወቃቸው በ2020 የኮቪድ ክትባት ቢሆንም፣ ሲቪያቸው የሚናገረው አንድን ሥራ ይዞ የመቆየት ልምድን ነው። ያም ሆኖ ክትባቱ መሥራቱን ያረጋገጠው ሙከራው እንጂ የእነሱ ታሪክ አይደለም።

እንግዲህ የአመራር ዝርዝር ሲቀርብልን ልንጠይቅ የሚገባን ሦስት ነገር ይመስለኛል። አንደኛ፣ የሕክምና ኃላፊው የመጨረሻውን ምዕራፍ ሙከራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሱ መርቷል ወይስ በትልቅ ኩባንያ ውስጥ ወንበር ይዞ ነበር? ሁለተኛ፣ የወደቀበት ሥራ ሲቪው ላይ ተጽፏል ወይ? በዚህ ሙያ ወድቆ የማያውቅ ሰው ወይ ብዙ አልሞከረም ወይ ደብቋል። ሦስተኛ፣ ቦርዱ ላይ ዋና ሥራ አስፈጻሚውን በሙያ የሚሞግት፣ በጥቅምም በዝምድናም ያልተሳሰረ ሰው አለ?

ይህን የምጽፈው ከደጅ ቆሜ አይደለም። ከዓመታት በፊት በአዲስ አበባ በምሥረታ ላይ የነበረ የአንድ አክሲዮን ማኅበር ማስታወቂያ ላይ የአደራጆቹን ማዕረግ አንብቤ፣ ዶክተሩን ከኢንጂነሩ ቆጥሬ፣ ገንዘቤን አስገብቻለሁ። ማኅበሩ ሳይቋቋም ቀረ፤ ገንዘቤን ለማስመለስ ሁለት ዓመት ተመላለስኩ። ሕግ የተማርኩት እኔ ስለ ንግዱ አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏል ይኼ ነው።

አሁን በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የካፒታል ገበያ ተቋቁሞ፣ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያውም ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሩን ከፍቷል። የደንበኛ ሳቢ መግለጫ የሚባለው ሰነድ እኛም ቤት ገብቷል። በዚያ ሰነድ ውስጥ የአመራሩ ታሪክ ይኖራል፤ ማንበብም ይገባል። ነገር ግን ገጹን ገልብጦ ሥራው ምን ላይ እንደደረሰ የሚናገረውን ክፍል ማንበብ ይበልጥ ይገባል።

ለወዳጄም የነገርኩት ይህንኑ ነው። “ሰዎቹን ነገርከኝ፤ መድኃኒቱ በስንት ሰው ላይ ተሞክሮ ምን ተገኘ?” አልኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። “አጣርቼ እደውልልሃለሁ” አለኝ። እስከዚያው ገንዘቡ ከልጆቹ ሂሳብ አልወጣም።