ከካባው በኋላ



አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ሲጀመር የተመራቂው ሥራ ከተቋሙ ስም ይታወቅ ነበር፦ መስኖ፣ ግድብ፣ የመጠጥ ውሃ። በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ወዲህ ግን የትምህርት መስኩ ሰፋ፤ ተመራቂውም በዛ። ዛሬ የመውጫ ፈተናውን አልፎ ካባውን ያወለቀ ወጣት ሁሉ «ቀጥሎስ?» ይላል።

በዚህ እትም ጥያቄውን ይዘን ወደ ጫሞ ሐይቅ ዳርቻ ወርደናል። የሐይቁ ዓሣ፣ የአርባ ምንጭ ሙዝ፣ የጨንቻ አፕል፣ የዶርዜ ሽመና የተማረ እጅ ይፈልጋሉ። ዲግሪውን ይዞ ማሳ ወይም ገበያ የወረደውን ልጅ «ልፋቱ መና ቀረ» አንበለው፤ ለተከታዮቹ መንገድ እየጠረገ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ከምርቃቱ ቀን በኋላም ምርቃታችሁ አይለየው።

መልካም ንባብ።

አዘጋጁ