ጀርባውን ድልድይ የሚያደርገው አባት

«ሕፃን ማሳደግ የእናት ሥራ ነው፤ አባት ቀለቡን ካመጣ ምን ቀረው?» የሚሉ አባቶች ዛሬም ብዙ ናቸው። እንዲህ ሲባል በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ የሌሊት እንስሳ አለ። ዛሬ ላስተዋውቃችሁ።

የዓለት ፖሰም ይባላል፤ አገሩ ሰሜን አውስትራሊያ ነው። እናቲቱ እንደ ካንጋሮ ጨቅላዋን ሆዷ ላይ ባለ ኪስ ታሳድጋለች። ክብደቱ ቢበዛ 2 ኪሎ ገደማ ነው። ቀን በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ይበላል። ሳይንሳዊ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። የቤተሰቡ ኑሮ በደንብ የታወቀው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ተመራማሪዎች ሌሊት ሌሊት ከተከታተሉት ወዲህ ነው።

ያዩት ነገር አስገራሚ ነው። ወንድና ሴቷ ተጣምረው ይኖራሉ፤ ልጃቸውንም አብረው ያሳድጋሉ። ትንሹ ሊሻገረው የማይችል ክፍተት ሲያጋጥም ወላጅ ሰውነቱን ዘርግቶ ድልድይ ይሆናል፤ ልጁም በጀርባው ላይ ተራምዶ ያልፋል። ቤተሰቡ ሲመገብ ዘብ የሚቆም አለ፤ አደጋ ሲመጣ በጅራት መትቶ ማስጠንቀቅም አለ። በዚህ ሁሉ አባትየው ድርሻ አለው። በኪሰኛ እንስሳት ዘንድ እንዲህ ያለ አባት ብርቅ ነው።

ይህ ቤተሰብ ግን ስጋት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳድጉት በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ስለሆነ የጎደለ ቶሎ አይተካም። በበጋው ማብቂያ የሚነሳው ኃይለኛ ሰደድ እሳት ሲመጣ ዓለቱ ቢያስጥላቸውም የሚበሉት ዛፍ ይቃጠላል። ከአውሮፓ የመጡ ሰፋሪዎች ያስገቡት ድመትም ዱር ገብቶ የአካባቢውን ትንንሽ እንስሳት ይፈጃል። በአርነም ላንድ የጥንት ነዋሪዎቹ ተወላጆች እንደ አባቶቻቸው ሣሩ ገና ሳይደርቅ ትንንሽ እሳት እየለኮሱ፣ የኋላውን ትልቅ እሳት ማገዶ ያሳጡታል። ጥበቃ ማለት እዚያ ይህን የመሰለ በየዓመቱ የሚደገም ሥራ ነው።

እኛ ከእንስሳ ትዳር አንማርም ይሆናል። ሆኖም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምንል ሰዎች ነን። ሌሊት የሚያለቅስ ሕፃን ለአንዲት እናት ብቻ ሲተው ሸክም ነው። ማቀፍ፣ ማጠብና ማስተኛት ጡት አይጠይቅም።

አያቶች፣ ዛሬ ማታ የልጅ ልጆቻችሁን ስታስተኙ የዓለት ፖሰምን ታሪክ ንገሯቸው። ድምፃችሁን ትንሽ ከፍ አድርጉ፤ ሳሎን የተቀመጠው አባትም ይስማ።