መካሪ እና አማላጅ፤ የሙስካት ሥራ ፈላጊ ወጣቶች እና የበጎ ፈቃደኞች ድርሻ

ታላቋ ሙስካት በሐጀር ተራሮች እና በኦማን ባሕር መካከል ባለ ጠባብ ሜዳ ላይ ተዘርግታ የምትገኝ ከተማ ናት። ከጥንታዊው የሙትራህ ወደብ ተነስቶ በሩዊ የንግድ ማዕከል በኩል፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች እስከሚገኙበት አል ኩዌይር እና የአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ እስከሆነው ሲብ ድረስ ባንኮች፣ ሆቴሎች እና የነዳጅ ኩባንያዎች ተደርድረውባታል። በዚህችው ከተማ ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ ይዘው ከእነዚህ ሕንፃዎች በአንዱም የሥራ ቦታ ያላገኙ ወጣቶች አሉ። በሥራው እና በሠራተኛው መካከል ያለውን ርቀት በምን ማሳጠር ይቻላል የሚለው ጥያቄ የኦማንን መንግሥት ለዓመታት ሲያሳስብ ቆይቷል።

እስካሁን የተሰጡት ምላሾች በአብዛኛው ኮታ እና የቅጥር ቁጥር ላይ ያተኮሩ ናቸው። ሥራን ከውጭ ዜጎች ወደ አገሬው ተወላጆች የማሸጋገር ፖሊሲ፣ በተለምዶ ኦማናይዜሽን የሚባለው፣ እ.አ.አ ከ1988 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ በሂደትም ኩባንያዎች ሊቀጥሯቸው የሚገባቸው ኦማናውያን ድርሻ በየዘርፉ ተወስኗል። እ.አ.አ በ2011 መጀመሪያ በወደብ ከተማዋ ሶሃር የተቀሰቀሰውን ተቃውሞ ተከትሎ መንግሥት 50 ሺህ የሥራ ዕድል እንደሚፈጥር እና ለተመዘገቡ ሥራ ፈላጊዎች በወር 150 ሪያል እንደሚከፍል አስታወቀ። በ2017 መጨረሻ የ25 ሺህ ሰዎች ቅጥር ይፋ ሲሆን፣ በ2018 መጀመሪያ ደግሞ በ87 የሥራ መደቦች ለውጭ ዜጎች ቪዛ መስጠት ለጊዜው ተቋረጠ። በ2021 በድጋሚ ወጣቶች አደባባይ ሲወጡ፣ ሱልጣን ሃይተም ቢን ታሪቅ 32 ሺህ የሥራ ዕድል እንዲመቻች፣ ለ15 ሺህ አዲስ የግል ዘርፍ ተቀጣሪዎችም በወር 200 ሪያል የደመወዝ ድጋፍ እንዲደረግ አዘዙ።

እነዚህ ውሳኔዎች ለብዙዎች በር ከፍተዋል። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ጥያቄ በአሥር ዓመት ውስጥ ደጋግሞ መነሳቱ ኮታ ብቻውን የማይሞላው ክፍተት መኖሩን ያሳያል። እ.አ.አ በ2020 በተካሄደው ቆጠራ ከአገሪቱ 4 ሚሊዮን 471 ሺህ ነዋሪዎች መካከል 1 ሚሊዮን 739 ሺህ ያህሉ የውጭ ዜጎች ነበሩ። በቤት ሠራተኝነት የተሰማሩ በርካታ ኢትዮጵያውያንም በዚያች አገር ይኖራሉ። የግል ዘርፉ ሠራተኞች በብዛት ከውጭ የመጡ በመሆናቸው፣ አባቱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በሠራዊቱ ውስጥ ያገለገለ ኦማናዊ ወጣት በአንድ የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት ወይም በሆቴል ውስጥ የሥራ ቀን እንዴት እንደሚውል የሚነግረው የቅርብ ሰው ላይኖረው ይችላል። በብዙ የግል ድርጅቶች የሥራ ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑም ሌላ ፈተና ነው። ወጣቱ የትኛው ሙያ ወዴት እንደሚያደርስ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ ስንት እንደሚሆን፣ በሙከራ ጊዜው ምን እንደሚጠበቅበት ሳያውቅ ማመልከቻ ይበትናል፤ መልስ ሲጠፋም ተስፋ ይቆርጣል።

የበጎ ፈቃደኛ መካሪ ፋይዳ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። መካሪ ሲባል በሥራው ዓለም ያለፈ፣ ከጊዜው ቀንሶ ያለክፍያ አንድን ወጣት ለወራት የሚከታተል ሰው ማለት ነው። ሲቪውን ያርማል፤ ቃለ መጠይቅ ያለማምደዋል፤ ከሁሉም በላይ ግን በመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ያለውን እውነት ይነግረዋል። በሙስካት ለዚህ መሠረት የሚሆን ልምድ አለ። ኢንጃዝ ኦማን የግል ኩባንያ ሠራተኞችን በበጎ ፈቃደኝነት እያሠማራ ተማሪዎችን ስለ ሥራ ዓለም ያስተምራል፤ ሸሪካቲ በተሰኘው መርሐ ግብሩም ተማሪዎች አነስተኛ ድርጅት አቋቁመው ሲያንቀሳቅሱ በጎ ፈቃደኞቹ ከጎናቸው ሆነው ይመክሯቸዋል። ሼል ኩባንያ እ.አ.አ በ1995 በኦማን ያስጀመረው ኢንቲላቃ ደግሞ የራሳቸውን ሥራ መፍጠር ለሚሹ ወጣቶች ሥልጠና እና ምክር ሲሰጥ ቆይቷል።

በዚህ አሠራር ላይ የሚነሳው ከባዱ ጥያቄ ከአረቡ ዓለም አንድ የታወቀ ቃል ጋር የተያያዘ ነው፤ ዋስጣ። ዋስጣ ማለት አማላጅ ሲሆን፣ ሥራም ሆነ ፈቃድ በሚያውቁት ሰው በኩል የማግኘት ልማድ መጠሪያ ነው። አማርኛ ተናጋሪው «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ሲል የሚገልጸው ዝንባሌ በሙስካትም ሆነ በሌላ ከተማ እንግዳ አይደለም። ታዲያ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሆነ በጎ ፈቃደኛ ሥራ ፈላጊ ወጣትን ይዞ ሲመክር፣ ለአንዱ ወጣት አዲስ ዋስጣ መፍጠሩ አይደለምን?

ልዩነቱ ለወጣቱ በሚሰጠው ነገር ይታወቃል። አማላጅ የሚሰጠው የሥራ ቦታ ነው፤ ቦታው ደግሞ አንድ በመሆኑ ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው ይወሰዳል። መካሪ የሚሰጠው ዕውቀት ነው፤ ዕውቀት ግን ለአንዱ በመሰጠቱ ከሌላው አይጎድልም። ባለዘመዱ ወጣት ከአጎቱ ወይም ከአባቱ ጓደኛ በእራት ገበታ ላይ በነፃ የሚሰማውን፣ ዘመድ የሌለው ወጣት ከመካሪው እንዲሰማ ማድረግ አድልዎን ማጥበብ እንጂ ማስፋት አይሆንም።

ይህ መከራከሪያ በጥናት የተደገፈ ነው። ሊቪያ አልፎንሲ፣ ሜሪ ናሙቢሩ እና ሳራ ስፓዚያኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በኡጋንዳ የሙያ ማሠልጠኛ ተማሪዎችን በዕጣ ለይተው፣ ከፊሎቹን በሙያቸው ከተሳካላቸው ወጣት ሠራተኞች ጋር አገናኟቸው። መካሪ ያገኙት ከተመረቁ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ሥራ የመያዝ ዕድላቸው ካላገኙት በ27 በመቶ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ከአንድ ዓመት በኋላም ገቢያቸው በ18 በመቶ ብልጫ አሳይቷል። ከቁጥሩ ይበልጥ አስተማሪው ምክንያቱ ነው። ለውጡን ያመጣው መካሪዎቹ ለቀጣሪ ስለወጣቶቹ መናገራቸው ወይም ክፍት የሥራ ቦታ መጠቆማቸው አልነበረም። የመጀመሪያው ሥራ ምን እንደሚመስል በግልጽ መንገራቸው እና ነገ እንደሚሻሻል ማበረታታቸው ነበር። ወጣቶቹ የሚጠብቁትን የመነሻ ደመወዝ አስተካከሉ፤ የመጣላቸውን ሥራ ውድቅ ማድረግንም ቀነሱ።

ከአዲስ አበባ የተገኘው ማስረጃም ከዚሁ ጋር ይስማማል። እ.አ.አ በ2014 በመዲናዋ በተጀመረ ጥናት ከፊል ሥራ ፈላጊ ወጣቶች የትራንስፖርት ድጎማ ሲያገኙ፣ ሌሎቹ ማመልከቻ አጻጻፍ እና ቃለ መጠይቅ ተለማምደው የችሎታ ማረጋገጫ ተሰጣቸው። ከአራት ዓመት በኋላ በገቢ የላቁት ችሎታቸውን ለቀጣሪ ማሳየት እንዲችሉ የተደረጉት ነበሩ፤ ድጎማው ግን ዘላቂ የገቢ ለውጥ አላስገኘም።

ከእነዚህ ግኝቶች ለሙስካት የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። በመጀመሪያ፣ መካሪ የግድ ባለከፍተኛ ሥልጣን መሆን የለበትም። ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በፊት በዚያው መንገድ ያለፈ ወጣት ሠራተኛ፣ የመጀመሪያውን ደመወዝ እና የመጀመሪያውን ስህተት ከዋና ሥራ አስፈጻሚው በተሻለ ያስታውሳል። ሁለተኛ፣ ዕድሉ መድረስ ያለበት በማዕከሉ ለሚኖረው ብቻ ሳይሆን፣ ከተራራው ጀርባ በአል አመራት፣ ከከተማው ርቆም በቁራያት ለሚኖረው ጭምር ነው፤ ምክሩ በስልክም ሊሰጥ ይችላል። ሦስተኛ፣ በኦማን የሴቶች ሥራ አጥነት ከወንዶቹ በእጅጉ የከፋ በመሆኑ ሴት መካሪዎችን በብዛት ማፍራት ያስፈልጋል። አራተኛ፣ መካሪው በሚመክረው ወጣት ቅጥር ላይ ድምፅ እንዳይኖረው የሚከለክል ደንብ ካልተበጀ፣ መካሪ እና አማላጅ የሚለዩበት መስመር ይደበዝዛል።

የመካሪ ሥራ ወሰን እንዳለውም መዘንጋት አይገባም። መካሪ ሥራ አይፈጥርም። የሥራ ዕድል የሚሰፋው በኢንቨስትመንት፣ በትምህርት ጥራት እና ኦማን በራዕይ 2040 እንዳቀደችው ኢኮኖሚውን ከነዳጅ ጥገኝነት በማላቀቅ ነው። ቀጣሪ በሌለበት ወጣቱን «ራስህን አሻሽል» እያሉ መምከር ጥፋቱን ወደ ሥራ ፈላጊው ማዞር ይሆናል። በጀመረ በወሩ የሚጠፋ በጎ ፈቃደኛም ወጣቱን ቀድሞ ከነበረበት ይበልጥ ሊያስከፋው ይችላል። ስለዚህ አስተባባሪ ተቋም፣ የተወሰነ ጊዜ እና ተጠያቂነት ያስፈልጋሉ።

ለኢትዮጵያ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። አገሪቱ በ2014 ዓ.ም የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርን አቋቁማለች። በየዓመቱ በሚካሄደው የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ወጣቶች ደም በመለገስ፣ የአረጋውያንን ቤት በማደስ እና ችግኝ በመትከል ይሳተፋሉ። ጉልበት የሚለገስበት ይህ ባህል የሥራ ልምድ ወደሚለገስበት ቢሰፋ፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ ወይም መካኒክ በወር ጥቂት ሰዓት ለአንድ ተመራቂ ቢሰጥ፣ ወጪው አነስተኛ ነው። «መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» የሚለው ብሂል የተነገረው ለቤተ መንግሥት ነበር፤ ዛሬ ግን የመጀመሪያ ሥራውን ለሚፈልገው የሙስካትም ሆነ የአዲስ አበባ ወጣት ይበልጥ ይሠራል።