ሥዕሉ ሲሮጥ መምህሩ ቆሞ እንዳይቀር

በባቲ የሰኞ ገበያ ከአፋር ቆላ የሚመጣውን ጨው የማያውቅ የባቲ ልጅ የለም። ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደሚሟሟም ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ይሁን እንጂ ጨው ሲሟሟ ምን እንደሚሆን ቢጠየቅ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚመልሰው ከመጽሐፍ የሸመደደውን፣ ያልገባውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያው ተነሥተን ለዩኒቨርሲቲ የበቃነውም ከዚህ የተሻልን አልነበርንም፤ በቃል አጥንተን አለፍን እንጂ አላየነውም።

ዛሬ የማይታየውን የሚያሳይ መሣሪያ አለ። የኮምፒዩተር አኒሜሽን የውሃ ሞለኪውሎች የሶዲየምንና የክሎራይድን አዮኖች ከብበው እንዴት እንደሚነጥሏቸው ያሳያል። የፊዚክስ ሊቁ ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ፌት የተባለው ሥራ እንዲህ ያሉትን በነፃ ያድላል፤ አንድ ጊዜ ከተገለበጡም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

ነገር ግን በመሣሪያ ብቻ መመካት ምን እንደሚያስከትል አገራችን አይታለች። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይሠራጭ ነበር። ፕላዝማው በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያነሣ አያይለትም፤ መብራት ቢጠፋ ያመለጠውን አይመልስለትም። መምህሩም በገዛ ክፍሉ እንግዳ ሆነ። ጥፋቱ የሥዕሉ መንቀሳቀስ አልነበረም፤ የሚያቆመው ሰው አለመኖሩ ነው እንጂ።

ስለዚህ አኒሜሽኑ በመምህሩ እጅ ይሁን እንላለን። መምህሩ በመጀመሪያ እውነተኛውን ጨው በብርጭቆ ውሃ ያሟሟ፤ ተማሪውም የመሰለውን ይናገር። ከዚያ በኋላ ሥዕሉ ይታይ፤ ባስፈለገበት ይቁም፤ ይደገም፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ይብራራ። አዮኖች ቀለም የተቀቡ ኳሶች አለመሆናቸውም ይነገር፤ አለዚያ አንዱን ስሕተት ነቅለን ሌላ እንተክላለን።

ላቦራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ይህ ቅንጦት ነው የሚሉን አይጠፉም። አኒሜሽን ላቦራቶሪን አይተካም፤ የላቦራቶሪው ጥያቄም አይቀርም። ግን በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እስኪሟላ ብለን ስንጠብቅ ስንት ወንድምና እኅት ይወድቅ? አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ለአንድ ክፍል ይበቃሉ።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየጠቅላይ ግዛቱ አንድ ዓመት ያገለግሉ ነበር፤ ብዙዎቹም አስተማሩ። እኛ አንድ ዓመት አልተጠየቅንም። ከባቲና ከከሚሴ የመጣን የሳይንስ ተማሪዎች እስከ ክረምቱ ድረስ አሥር ትምህርቶች እንምረጥ፤ ማብራሪያቸውን በሁለቱም ቋንቋዎች እንጻፍ፤ በፍላሽ ገልብጠንም ለመምህራኑ እናስረክብ። ማኅበራችንም የፈቃደኞችን መዝገብ ዛሬውኑ ይክፈት። የባቲ ልጅ የገበያውን ጨው ዋጋ እያወቀ ምሥጢሩን ሳያውቅ 12ኛ ክፍልን ቢጨርስ፣ ዕዳው የእኛም ነው።