ነጠላችንን ሰማዩ እንዳይበላው

ጎበዝ፣ ዛሬ ስለ መስመር እንጨቃጨቅ። የስልክ መስመር አላልንም፤ የፓርቲ መስመርም አይደለም። በጌም ውስጥ የሚሮጡትና የሚዘሉት ትንንሽ ሰዎች ዙሪያቸውን የሚከበቡበትን መስመር፣ የሰዓሊዎቹን «አውትላይን» ማለታችን ነው።

እነዚህ ሰዎች የሚሠሩት ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ካሬዎች ነው። አንዱ ካሬ ከሌላው አጠገብ እየተቀመጠ ሰው ይሆናል፤ ለሰውየው ምስልም ስፕራይት የሚል ስም ወጥቶለታል። አሁን አሁን ይህን የሚሞክሩ ወጣቶች ከአዲስ አበባም ከክፍለ ሀገርም እያየን ነው። ፒስክልን የመሰለ ነፃ መሣሪያ ስላለ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዓይን ነው። ችግሩ ዓይኑን ከውጭ ትምህርት ላይ መዋሳችን ነው። አንዱ አስተማሪ «ጥቁር መስመር የጀማሪ ሥራ ነው፣ ጣሉት» ይላል፤ ሌላው «ሁሉንም በጥቁር ክበቡ» ይላል። እኛም የሰማነውን ይዘን እንነጉዳለን። ማንን እንደምንስል ግን አንጠይቅም።

እስቲ እንጠይቅ። ግንደወይን ላይ፣ በኅዳር፣ ነጠላ የለበሱ እናት ጤፍ ማሳ ዳር ቆመዋል እንበል። ማሳው ገርጥቷል፣ ሰማዩ ፈክቷል፣ ነጠላው ነጭ ነው። ያለ መስመር ሣሏቸው፤ ነጠላው ሰማይ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። የሚታየው ፊትና እግር ብቻ ነው። ርካሽ ስልክ ላይ፣ ያውም የቀትር ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እየወደቀ፣ እሱም መታየቱን እንጃ። ሕዝቡ ነጭ ለባሽ በሆነ አገር መስመር ቅንጦት አይደለም።

ይህን ጃፓኖቹም አልፈውበታል። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው ማሪዮ ጥቁር መስመር አልነበረውም። ማሽኑ ለአንድ ስፕራይት ሦስት ቀለም ብቻ ይፈቅድ ነበርና ቀይ፣ ቡናማና የቆዳ ቀለም ይዞ ሮጠ። በ1988 በወጣው ሦስተኛው ክፍል ግን ከሦስቱ ቀለማት አንዷን ለጥቁር ሰጡና ጠርዙን አሰመሩለት። ከሦስት ብር አንዱን ለአጥር ማውጣት ማለት ነው። ያወጡት ግን ከየትኛውም መልክዓ ምድር ፊት ተለይቶ እንዲታይ ነው።

መስመር ዋጋ የለውም ግን አንልም። 16 በ16 የሆነ ካሬ 256 ፒክስል አለው። ዙሪያው ብቻ 60 ይወስዳል፤ ለፊት፣ ለእጅና ለልብስ 196 ይቀራል። ሩብ ያህሉ አጥር ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ መስመሩ ውጭ ላይ ይቁም፤ ወደ ውስጥ አይግባ።

በተለይ ፊት ላይ አይግባ። የምናያቸው ትምህርቶች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከነጣ ቆዳ ነው፤ እዚያ ላይ ጥቁር መስመር ያምራል። ጠይም ፊት ላይ ግን ፀጉሩ ጥቁር፣ ዓይኑ ጥቁር፣ መስመሩ ጥቁር ሲሆን ሰውየው ፊት ሳይሆን ጉድጓድ ይኖረዋል። ለጠይም ፊት የተቆላ ቡና የመሰለ ቀለም ይበቃል። ለነጠላው ደግሞ አመድማ ሰማያዊ። ጫፉ ላይማ ጥለት አለ፤ ሸማኔው ከእኛ ቀድሞ አስምሮታል። ትዕይንቱ ሌሊት ከሆነ ጥቁር መስመር ጨለማው ውስጥ ይጠፋልና ፈካ ያለ ይሁን።

«አውትላይን ኋላ ቀር ነው» ለሚሉን አንድ ነገር አለን። ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሂዱና የመቅደሱን ግድግዳ እዩ። ሰዓሊዎቹ ቅዱሳኑን በጠቆረ መስመር ከበዋቸዋል። በደብዛዛ ብርሃን፣ ከሩቅ የቆመ ምእመንም ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ትንሽ ስክሪንና ጨለም ያለ ቅኔ ማሕሌት የሚጠይቁት አንድ ነው፦ ቶሎ መለየት። ይህን ከውጭ ቪዲዮ መማር አላስፈለገንም ነበር።

«ሥራ በጠፋበት አገር ይሄ ምን ቁም ነገር ነው?» የሚል አይጠፋም። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ሞጣም ሆነ ቢቸና ያለ ልጅ ስልኩ ላይ የሚያስሮጠው ሰው ሁሉ የሌላ አገር ሰው ነው። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» ብሎ የእኛኑ ዶሮ ሲያስሮጥ እንደሚቻል አይተናል። ዶሮዋ ከሮጠች ሰዉም ይሩጥ እንጂ። ግን ልጁ እናቱን ጌም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያያት ደብዝዛ ወይም ፊቷ ጠቁሮ ከሆነ፣ ባናሳየው ይሻል ነበር።

ስለዚህ እናንተ የምትስሉ፣ መጀመሪያ ስፕራይታችሁን በሙሉ ጥቁር ቀቡት። ከቅርጹ ብቻ ማን እንደሆነ ካልታወቀ የትኛውም መስመር አያድነውም፤ እንደገና ሣሉት። ከታወቀ ውጩን አስምሩ፣ ውስጡን ተዉት። ከዚያም ስልኩን ይዛችሁ ፀሐይ ላይ ውጡና እዩት። የግንደወይን ፀሐይ ከየትኛውም የኢንተርኔት አስተማሪ የበለጠ ሐቀኛ ነው።