ሙሉ ልብስ ስንገዛ ከዋጋው በፊት ትከሻውን

በከተማ የሚኖር ቤተሰብ ሙሉ ልብስ የመግዛት ጉዳይ ሳያጋጥመው የሚያልፍበት ዓመት ጥቂት ነው። ልጅ ትመረቅና ለሥራ ቃለ መጠይቅ ትጠራለች፤ ባል በመሥሪያ ቤቱ ዕድገት ያገኛል፤ የእህት ወይም የወንድም ሠርግ ይደርሳል፤ እናት ራሷም ብትሆን ለዓመታት የለበሰችው ኮት ክርኑ ሳስቶ በስብሰባ መካከል እጇን ለማንሣት የምታፍርበት ጊዜ ይመጣል። በዚህን ጊዜ ከቤቱ ወጪ ላይ በርከት ያለ ገንዘብ ተነሥቶ ለልብስ መዋል ይኖርበታል። ገንዘቡ ደግሞ ከወሩ ጤፍ፣ ከቤት ኪራዩና ከልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ጋር የሚሻማ ነው። በተለይም የብር የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ጨርቅም ሆነ የተሰፋ ልብስ ኪስ የሚጎዳ መሆኑን ገበያ የወጣች እናት ሁሉ ታውቀዋለች።

ታዲያ በአነስተኛ ገንዘብ ደህና ሙሉ ልብስ ማግኘት ይቻላልን? መልሱ ይቻላል ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ በምን ላይ መዋል እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። በሙሉ ልብስ ላይ ከተገዛ በኋላ በቀላሉ ሊስተካከል የሚችል ጉድለት አለ፤ ጨርሶ የማይስተካከልም አለ። ብልህ ገዢ ገንዘቧንና ጊዜዋን የምታውለው በማይስተካከለው ላይ ነው። የተረፈውን ለሰፈሯ ልብስ ሰፊ ትተዋለች።

ርካሽ የሚባለው የትኛው ነው?

ብዙዎቻችን የልብስን ዋጋ የምንለካው ሻጩ በሚጠራው ብር ነው። ነገር ግን ትክክለኛው ሒሳብ ልብሱ ስንት ጊዜ ተለበሰ የሚለው ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ኮትና ሱሪ በ3,000 ብር ተገዛ እንበል። ሠላሳ ጊዜ ከተለበሰ በኋላ ጉልበቱ ቢያብረቀርቅና ደረቱ ቢያብጥ አንዱ መልበስ 100 ብር ወሰደ ማለት ነው። በ6,000 ብር የተገዛው ሌላው ግን ሦስት መቶ ጊዜ ቢለበስ ለአንድ ጊዜ የሚደርሰው ወጪ 20 ብር ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ርካሹ ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ላይ ሦስት ሺህ ብር ተረፈኝ ያለች እናት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ይደርስባታል።

በአንጻሩ ደግሞ ለአንድ ቀን ሠርግ ብቻ ተለብሶ ወደ ሣጥን ለሚገባ ልብስ ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም። እንዲህ ያለውን ከሚያከራዩ ቤቶች መከራየት ወይም ከዘመድ መዋስ ይሻላል። ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው በየሳምንቱ ለሚለበሰው ነው።

ጨርቁን በእጅ መመርመር

ኮቱ ገና በመስቀያ ላይ እንዳለ እጅጌውን በመዳፍ ጨብጦ እስከ አሥር መቁጠር፣ ከዚያም መልቀቅ ጥሩ ፈተና ነው። የተጨማደደው ወዲያውኑ ከተዘረጋ ጨርቁ ደህና ነው። እንደ ወረቀት ተጨማዶ ከቀረ በታክሲና በአውቶቡስ ተቀምጦ ቢሮ ሲደረስ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም።

ንጹሕ ሱፍ አየር ያስገባል፤ ቢጨማደድም ሌሊቱን ተሰቅሎ ሲያድር ይፈታል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ፖሊስተር ብቻውን የሆነ ጨርቅ በቀላሉ አይጨማደድም፤ አይቀደድምም፤ ይሁን እንጂ በቀትር ፀሐይ ያስጨንቃል፤ ብዙ ከተተኮሰም ያብረቀርቃል። ለደመወዝተኛ ቤተሰብ የሚስማማው አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱ ቅልቅል ነው። ከሱፉ መልክና ምቾት፣ ከፖሊስተሩ ጥንካሬ ያገኛል። የቅልቅሉ መጠን በኮቱ የውስጥ ኪስ አካባቢ በተሰፋው ትንሽ ምልክት ላይ በመቶኛ ተጽፎ ይገኛልና ማንበብ ተገቢ ነው።

በእጅጌ ላይ የሚለጠፈው «ሱፐር 100» ወይም «ሱፐር 120» የሚል ጽሑፍም ብዙዎችን ያሳስታል። ቁጥሩ የሱፉ ፀጉር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ያመለክታል እንጂ የጥንካሬ ምስክር አይደለም። እንዲያውም ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጨርቁ ይለሰልሳል፤ ይሳሳልም። ከዚህም በላይ መለኪያው ለሱፍ የወጣ ስለሆነ፣ ከውስጥ «ፖሊስተር 100 በመቶ» የሚል ምልክት በተሰፋበት ኮት እጅጌ ላይ ቢለጠፍ ትርጉም የለውም። በዚህ ምክንያት ብቻ ተጨማሪ ብር መክፈል አይገባም።

ጨርቅ በሜትር የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ከጫፉ አንድ ሁለት ክር መዝዞ በክብሪት ማቃጠል ይቻላል። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠንካራ ጠጠር ይሠራል። ይህን ያየች ገዢ «ንጹሕ ሱፍ ነው» የሚለውን ቃል ብቻ አምና አትከፍልም።

ትከሻው ካልሆነ ኮቱም አይሆንም

በተሰፋ ሙሉ ልብስ ላይ ልብስ ሰፊ በቀላሉ ሊያስተካክላቸው የሚችሉ ነገሮች የእጅጌ ርዝመት፣ የወገብ ስፋት፣ የሱሪና የጉርድ ቀሚስ ርዝመት ናቸው። ትከሻ ግን ከዚህ ውስጥ አይገባም። ትከሻን ለማጥበብ እጅጌው ተፈትቶ፣ ገበሩ ተነሥቶ፣ ኮቱ እንደገና መሠራት አለበት። የእጅ ዋጋው ከኮቱ ዋጋ ጋር ሊስተካከል ይችላል፤ ውጤቱም ሁልጊዜ አያምርም። የኮት ርዝመትም እንደዚሁ ነው። ከታች ብዙ ሲቆረጥ ኪሶቹ ወደ ጫፉ ይጠጉና ኮቱ ቅርጹን ያጣል።

ስለሆነም ኮት ሲለካ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የትከሻው ስፌት ነው። ስፌቱ የትከሻ አጥንት በሚያልቅበት ላይ ማለቅ አለበት። ካለፈ ልብሱ የታላቅ ወንድም ይመስላል፤ ካልደረሰም እጅ ሲነሣ ብብትን ይቆርጣል። ቀጥሎ ኮሌታው በማጅራት ላይ ሳይነሣ መተኛቱ ይታያል። ከዚያ ቁልፉ ይቆለፋል። በቁልፉ ዙሪያ ጨርቁ ወደ አራቱም አቅጣጫ ከተሳበ ኮቱ ጠቧል። እጅጌው የእጅ አንጓ አጥንት ላይ ቢደርስና ከሥሩ የሸሚዙ ጫፍ አንድ ሰንቲ ሜትር ያህል ቢታይ ልክ ነው።

ሴቶች ከዚህ በተጨማሪ ሁለት ነገር መሞከር ይገባቸዋል። አንደኛው ኮቱን ቆልፎ እጅን ወደ ፊት መዘርጋት ነው፤ ጽሕፈት ጠረጴዛ ላይም ሆነ አውቶቡስ ውስጥ የምንውለው በዚህ ሁኔታ ነውና። ሁለተኛው በጉርድ ቀሚሱ ወይም በሱሪው ወንበር ላይ መቀመጥ ነው። ቆመን ስንለካው ልክ የሆነ ጉርድ ቀሚስ ስንቀመጥ ከጉልበት በላይ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ሲያስጎትተን ሊውል ይችላል። ለቃለ መጠይቅ የገባች ልጅ ሐሳቧ በጥያቄው ላይ መሆን ሲገባው በቀሚሷ ጫፍ ላይ ከሆነ፣ የዚህ ጥፋት ዋጋ ከልብሱም ይበልጣል።

ከዚህ በኋላ ልብሱ ይገለበጣል። የሱሪው የኋላ ስፌት ከውስጥ ሁለት ሦስት ሰንቲ ሜትር ትርፍ ካለው ነገ ሰውነት ሲጨምር ሊሰፋ ይችላል። ከወሊድ በኋላ ወደ ሥራ ለምትመለስ እናት ይህ ትርፍ አዲስ ልብስ ማለት ነው። ባለ መስመር ወይም ባለ አራት ማዕዘን ጥለት ጨርቅ ከሆነ መስመሩ በኪሱ ክዳን ላይ ሳይሰበር መቀጠሉ የሰፊውን ጥንቃቄ ያሳያል። የደረቱን ጨርቅና ገበሩን በሁለት እጅ ጣቶች ይዞ ቀስ ብሎ ሲለያዩት በመካከሉ ራሱን የቻለ ሌላ ጨርቅ ከተዳሰሰ ጥሩ ነው። ካልተዳሰሰ ማጠንከሪያው በሙጫ የተጣበቀ ነው። ይህ ዓይነቱ ዋጋው ዝቅ ያለ ስለሆነ መግዛቱ ነውር የለበትም፤ ሆኖም በጋለ ካውያ ከተጨቆነ ወይም በውሃ ከተዘፈዘፈ ሙጫው ይለቅና ደረቱ ላይ እብጠት ያወጣል።

ውጭ አገር ካለ ዘመድ የተላከ ኮት ሲደርሰንም መመዘኛው ይኸው ነው። ትከሻው ልክ ከሆነ ሌላው ይስተካከላል። ትከሻው ካልሆነ ግን ልኩ ለሆነለት ዘመድ ወይም ጎረቤት ማስተላለፍ ይሻላል።

በልብስ ሰፊ ማሰፋት

የተሰፋው ሁሉ ትከሻው አልሆን ያላት፣ ወይም ሰውነቷ ከላይና ከታች ቁጥሩ የሚለያይ እናት ጨርቅ ገዝታ ብታሰፋ ትጠቀማለች። ስፋቱ 150 ሰንቲ ሜትር በሆነ ጨርቅ ለአንድ መካከለኛ ቁመት ላለው ወንድ ኮትና ሱሪ ከ3 እስከ 3.5 ሜትር፣ ለሴት ኮትና ጉርድ ቀሚስ ደግሞ 2.5 ሜትር አካባቢ ይበቃል። የጨርቁ ስፋት ካነሰ ሜትሩ ስለሚጨምር ከመግዛት በፊት ሰፊውን ማማከር ያስፈልጋል። ሱፍ ያለበት ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት በእርጥብ ጨርቅና በካውያ እንፋሎት እንዲሰበሰብ መጠየቅም አይዘነጋ፤ አለበለዚያ በኋላ ሲጸዳ ኮቱ ያጥራል።

አቅም ከፈቀደ ከአንድ ኮት ጋር ሁለት ሱሪ ወይም አንድ ሱሪና አንድ ጉርድ ቀሚስ ማሰፋት ትልቅ ቁጠባ ነው። ኮት ብዙ ይቆያል፤ ቶሎ የሚያልቀው ሱሪ ነው። በኋላ ተመሳሳዩን ጨርቅ ፍለጋ መርካቶን ቢያስሱት አይገኝም።

ቀጠሮንም በሚመለከት፣ ልብስ ሰፊዎች ለዘመን መለወጫ፣ ለገናና ለፋሲካ፣ እንዲሁም በጥርና በሚያዝያ የሠርግ ወራት ሥራ ይደራረብባቸዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ የሄደ ሰው ጊዜ ወስዶ ይለካል፤ ልብሱ ሳያልቅም አንድ ጊዜ ለብሶ ያያል። «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የተባለው ይህን ለመሰለ ሥራ ነው።

አንድ ልብስ ለሁሉም

አንድ ሙሉ ልብስ ብቻ የሚገዛ ሰው ቀለሙን መምረጥ ያለበት በሚውልበት ቦታ ሁሉ ነው። በእኛ አገር ያው ልብስ ሰኞ ቢሮ፣ ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ ለቅሶ ሊሄድ ይችላል። ጥቁር ለኀዘን ይሆናል፤ ነገር ግን አቧራና የነጠላ ብናኝ ያሳያል፤ በደስታ ቦታም ይከብዳል። ደማቅ ቀለም ለቅሶ ቤት አይገባም። ጥቁር ሰማያዊና ጠቆር ያለ ግራጫ ግን ሦስቱንም ቦታ ያለ ኀፍረት ይደርሳሉ። በሸሚዝ፣ በሻርፕ ወይም በክራቫት ብቻ መልካቸው ስለሚለወጥም ሰው «ያው ልብስ ነው» አይልም።

አዲስ ኮት ከመለበሱ በፊት ሊደረግ የሚገባ ነገርም አለ። በእጅጌው ላይ የተለጠፈው የፋብሪካ ጽሑፍ ለሻጩ ማስታወቂያ እንጂ ለለባሹ ጌጥ አይደለምና ይፈታ። በጀርባው ቅድ ላይ በመስቀል ቅርጽ የተሰፋው ክርም በመጓጓዣ እንዳይከፈት የተደረገ ስለሆነ በጥንቃቄ ይቆረጥ። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ልብሱን ግን ያስከብረዋል።

አያያዝ

ሙሉ ልብስን ብዙ ማጠብ ያስረጀዋል። ከሥራ እንደተመለሱ በብሩሽ ጠርጎ፣ ኪሱን ባዶ አድርጎ፣ ትከሻው ሰፋ ባለ መስቀያ ላይ አየር በሚገባበት ቦታ ማሳደር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። ሁለት ቀን በተከታታይ አለመልበስም ዕድሜውን ያረዝመዋል። ሲተኮስ በካውያውና በልብሱ መካከል እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይደረግ፤ ያለዚያ ክርኑና ጉልበቱ ያብረቀርቃል። ለክረምት የሚቀመጥ ሱፍ ደግሞ ጸድቶ ይቀመጥ፤ ብል የሚወደው ላብና ቅባት የነካውን ነውና። ናፍታሊን የምትጠቀም እናት ሕፃናት ከረሜላ መስሏቸው እንዳይውጡት ከእጃቸው ታርቀው።

የእናት ተራ

በመጨረሻ በብዙ ቤት ስለሚታይ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። የአባት ኮት ይገዛል፤ የልጆች የደንብ ልብስ ይሰፋል፤ ልጅ ስትመረቅ ዕቁብ ተጥሎም ቢሆን አዲስ ትለብሳለች። የእናት ልብስ ግን «ለከርሞ» ይባላል። ከርሞ ሲመጣም ሌላ ጉዳይ ይቀድማል። ይህች እናት ግን እንደ ሌላው ሠራተኛ ጠዋት ተነሥታ መሥሪያ ቤት የምትሄድ፣ ባለጉዳይ ፊት የምትቀርብ፣ ለዕድገት የምትወዳደር ናት። ልክ የሆነ ኮት ለእርሷ ቅንጦት አይደለም፤ የሥራ መሣሪያዋ ነው። በቤት ውስጥ ስለ ልብስ ወጪ ሲመከር ተራዋ ከነስሟ ይቆጠር። አቅም በሁለት ወር ካልደረሰ በስድስት ወር ይድረስ፤ ነገር ግን ወሩ ይወሰን። የሚወሰንበትን ወር ደግሞ ራሷ ትምረጥ።